የመጨረሻ ፍጥነት፦ ዜሮ የሚሆነው የትኛው ነው?

በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ የሚወድቅ ነገር የመጨረሻ ፍጥነቱ (ተርሚናል ቬሎሲቲ፣ ማለትም ከዚያ በኋላ የማይጨምረው ፍጥነት) ላይ ሲደርስ የተጣራው ኃይል፣ ማለትም ክብደቱና የአየሩ ተቃውሞ ተቀናንሰው የሚተርፈው፣ ዜሮ ከሆነ፣ ታዲያ ለምን አየር ላይ ቆሞ አይቀርም? ዜሮ የሚሆነው የፍጥነቱ ለውጥ እንጂ ፍጥነቱ ራሱ አይደለም።

የአወዳደቁ ዲፈረንሻል እኩልታ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከፍጥነቱ ለውጥ ጋር የሚያያይዘው እኩልታ፣ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የነገሩ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ የለውጥ መጠን ሲባዛ፣ ከክብደቱ ላይ የአየሩ ተቃውሞ ተቀንሶ ከሚተርፈው ጋር እኩል ይሆናል። ለምሳሌ 2 ኪሎ ግራም የሆነ ነገር ክብደቱ 20 ኒውተን፣ የአየሩ ተቃውሞ ደግሞ የፍጥነቱ 4 እጥፍ ነው እንበል። ገና ሲለቀቅ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ10 የመጨመር ዝንባሌ አለው፤ 3 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ ግን ተቃውሞው 12 ኒውተን ስለሚሆን የሚተርፈው 8 ብቻ ነው፣ ጭማሪውም ወደ 4 ይወርዳል። 5 ላይ የሚተርፍ ኃይል ስለሌለ ነገሩ በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። (በጥብቅ ሒሳብ 5ን ይጠጋዋል እንጂ አይነካውም፤ ከ2 ሰከንድ ተኩል በኋላ ግን የሚቀረው ልዩነት ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው።)

በጎጃም አውድማ ጤፍ በመንሽ ሲበተን፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ ገለባው ከፍሬው ዘግይቶ የሚያርፈው ለክብደቱ ሰፊ ገጽ ስላለውና የመጨረሻ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው።

እስካሁን ያልነው ጽኑ ነው። የሚለያየው የተቃውሞው ቀመር ነው፤ ለደቃቅ አቧራ ከፍጥነቱ ጋር፣ ለድንጋይ ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ አድርጎ መውሰድ ይሻላል። ወደ ታች ያለው አቅጣጫ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ የሚለው ደግሞ የሠሪው ምርጫ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ይጻፍ።