ናል ባዶ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ኤስኪውኤል (SQL፣ ከዳታቤዝ መረጃ የምንጠይቅበት ቋንቋ) ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት ነው፦ «ስልክ ያልሞሉ ደንበኞችን ለማውጣት "ስልክ = ናል" (NULL) ብዬ ብጽፍ ምንም አይመጣም። ዳታው ጠፋ እንዴ?»

አልጠፋም። ናል ዜሮም ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። የሁለት ሰዎችን ስልክ ሳናውቅ ቁጥራቸው አንድ ነው ማለት እንችላለን? አንችልም። ዳታቤዙም እንደዚያው ነው። ረድፎችን የሚመርጠው የ«ዌር» (WHERE) ማጣሪያ ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት መሆኑ የተረጋገጠውን ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «ስልክ ኢዝ ናል» (IS NULL) ብላችሁ ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚያደክመው «ኖት ኢን» (NOT IN፣ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን የሚያወጣው) ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንዲት ናል ከገባች፣ ከማይታወቅ ነገር ይለያል ብሎ ማረጋገጥ ስለማይቻል ምንም ረድፍ አይመጣም። እኔ እዚያ ላይ ሁሌም «ኖት ኤግዚስትስ»ን (NOT EXISTS፣ የሚዛመድ ረድፍ አለመኖሩን የሚያጣራውን) ነው የምመርጠው።

ይህ የመደበኛው ኤስኪውኤል ሕግ ነው። ከዳታቤዝ ዳታቤዝ የሚለያየው የባዶ ጽሑፍ ነገር ነው፦ ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ እንደ ናል ይቆጥረዋል፣ ፖስትግሬስ የተባለው ግን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ዳታ የምታዘዋውሩ ከሆነ መጀመሪያ ይህንን እዩ።