ካላነስ፦ ዓይን የማይለያቸው የሰሜን ባሕር ፍጥረታት

ካላነስ በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ውሃ የሚንሳፈፍ፣ የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመድ የሆነ ደቃቅ የዙፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት) ወገን ነው። ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ቢሆንም በሆዱ ውስጥ የዘይት ከረጢት ይይዛል፤ ለክረምት ያጠራቀመው ስንቅ ነው። ሄሪንግም፣ የኮድ ዓሣ ጫጩትም፣ ዓሣ ነባሪም የሚፈልጉት ይህንኑ ስብ ነው።

ችግሩ ዝርያዎቹ የአንድ እናት ልጆች መምሰላቸው ነው። የኖርዌዩ ጳጳስ ዮሐን ኤርንስት ጉነሩስ ከዝርያዎቹ አንዱን፣ ፊንማርኪከስን፣ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1770 ሲሆን፣ የቀዝቃዛው ውሃ ዝርያ ግላሲያሊስ ግን ራሱን ችሎ ስም ያገኘው በ1955 ነው። እስከዚያ ድረስ የፊንማርኪከስ ትልቁ መልክ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ከዚያ በኋላም ሁለቱን የሚለየው በአብዛኛው መለኪያ ነበር። ጭንቅላትና ደረትን ያካተተው የፊት አካል ይለካል፤ ረጅሙ ግላሲያሊስ፣ አጭሩ ፊንማርኪከስ ይባላል። በስንፍና አይፈረድም፤ በሺህ የሚቆጠር ናሙና በማይክሮስኮፕ ፊት የተደረደረበት ሰው ፈጣን ዘዴ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ርዝመት ከሙቀትና ከምግብ ጋር ይለዋወጣል፤ የሁለቱ መጠንም በብዙ ቦታ ይደራረባል።

አናቶሚው ጠለቅ ያለ ምልክትም አለው፦ አምስተኛው ጥንድ የመዋኛ እግር። ከሥሩ ባለው ክፍል ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። በፊንማርኪከስ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ሌላው ዘመድ ሄልጎላንዲከስ ዘንድ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ግንባሩም ሾጠጥ ያለ ነው። የጥርሶቹን መስመር ለማየት እግሩን በመርፌ ነቅሎ በስላይድ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ፊንማርኪከስን ከግላሲያሊስ ለመለየት ግን ጉብጠቱ እንዲህ ግልጽ አይደለም፤ ልምድ ያለው ሰው እንኳ ያመነታል። በሕይወት ሳሉ የሚታየው የአንቴና መቅላትም ለግላሲያሊስ መለያ ሆኖ ቀርቦ ነበር፤ በአንዳንድ ባሕር ጥሩ ይሠራል፣ በሌላው ያሳስታል፤ ናሙናው ከቆየ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል።

ጥርጣሬውን የቆረጠው ዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲ.ኤን.ኤን ቁራጭ ማንበብ ጀመሩ። በኋላ የመጣው ዘዴ ደግሞ በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያሉ፣ በሌላው ግን የጎደሉ ጥቂት የዲ.ኤን.ኤ ፊደላትን ይፈልጋል፤ የቁራጩን ርዝመት ማወዳደር ብቻ ይበቃዋል። እንስሳውን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም፤ የአንድ አንቴና ጫፍ ተቆርጦ ይመረመራል፣ የቀረው አካል ለማይክሮስኮፕ ይተርፋል። ስለዚህ ርዝመቱ፣ ቀለሙና ዲ.ኤን.ኤው በአንዱ ግለሰብ ላይ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ።

ውጤቱ ካርታውን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግላሲያሊስ ከታሰበው በላይ ወደ ደቡብ ዘልቆ በኖርዌይ ፊዮርዶች (በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገቡ ጠባብ የባሕር ወሽመጦች) ውስጥ እንደሚኖር አሳየ። እዚያ ያሉት አጠር ስለሚሉ መለኪያው ፊንማርኪከስ አድርጎ ሲቆጥራቸው ኖሯል። ቀደም ሲል ሁለቱ ይዳቀላሉ የሚል ዘገባም ነበር፤ በኋላ አብረው በሚኖሩበት ውሃ በእነዚህ የዘረመል ምልክቶች ሲፈተሹ ዲቃላ አልተገኘም።

አስቸጋሪው የቆየው ክምችት ነው። በፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ኬሚካል) የተቀመጠ ናሙና ቅርጹን ይጠብቃል፣ ዲ.ኤን.ኤው ግን ይሰባበራል፤ ለዘረመል የሚሆነው በአልኮል የተያዘው ነው። ስለዚህ በርዝመት ብቻ የተሞሉ የድሮ ሠንጠረዦች ውስጥ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስሙ ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።