ማይክሮ አርኤንኤ ምንድን ነው? ትሏንና እኛን ምን ለየን?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ስር ከቶታል፤ እኛም በርጫ ላይ ነን። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ ቀና አለና «አቦ! አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል ትል የኔን ያህል ጂን አላት ይላል። ውሸት ነው አይደል?» አለ።

ውሸት አይደለም። ሲ ኤለጋንስ የምትባለው ትል ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖቿ ወደ 20,000 ይጠጋሉ። የሰውም ወደ 20,000 ነው። ሁላችንም ሳቅን፣ ግን ጥያቄው የምር ነው። በጂን ቁጥር ካልተለያየን በምን ተለያየን?

መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ማይክሮ አርኤንኤ የሚባለው ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ነው፣ ለብዙ ዘመን ማንም ልብ አላለውም፣ ሥራው ደግሞ መከልከል ነው።

ፉል ቤት አስቡ። ባለቤቱ ጋ የምግቡ ሁሉ አሠራር የተጻፈበት ደብተር አለ፤ ከመሳቢያ አይወጣም። ይሄ ዲኤንኤ ነው፤ እያንዳንዱ አሠራር ደግሞ ጂን። አንድ ምግብ ሲፈለግ አሠራሩ በብጣሽ ወረቀት ተገልብጦ ወደ ኩሽና ይላካል። ብጣሿ መልእክተኛ አርኤንኤ ትባላለች። ወጥ ቤቱ እሷን እያየ ይሠራል፤ የሚወጣው ምግብ ፕሮቲን ነው። የጉበት ሴልም የዓይን ሴልም የያዙት ያንኑ ደብተር ነው። ልዩነቱ የትኛው ወረቀት ኩሽና ደረሰ፣ ደርሶስ ስንቴ ተሠራበት የሚለው ላይ ነው።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ ኩሽናው በር ላይ «እንቁላል የለም» ብሎ ለጠፈ እንበል። ደብተሩ አልተነካም። ወረቀቶቹም እየመጡ ነው። ግን እንቁላል የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ሁሉ፣ ፈጢራውም፣ ስፔሻል ፉሉም፣ ፍርፍሩም፣ ወይ ይዘገያል ወይ ይጣላል። ለጣፊው ወረቀቱን ሙሉውን ማንበብ አላስፈለገውም፤ አንድ ቃል በቃው። ማይክሮ አርኤንኤ ማለት ያቺ ማስታወቂያ ናት።

ርዝመቷ 22 ፊደል ገደማ ነው (ፊደል የምለው ዲኤንኤና አርኤንኤ የተሰደሩበትን ትንንሽ ኬሚካል ነው)። ስትወለድ ረዘም ያለች ክር ነበረች፤ ክሩ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ድሮሻ የሚባል ፕሮቲን ይቆርጠዋል፣ ቀጥሎ ዳይሰር የሚባለው ያሳጥረዋል። የቀረችው ቁራጭ አርጎናውት የሚባል ፕሮቲን ላይ ተሳፍራ የሚገጥማትን መልእክት ትፈልጋለች። እንስሳት ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግጠም የለባትም፤ በተለይ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ፊደሎቿ ከገጠሙ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ነው አንዷ ብቻዋን በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶችን የምትነካው፤ ከሰው ጂኖችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ ቁጥጥር ስር ናቸው። ጭራሽ ታጠፋለች ማለት ግን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቀነስ ነው የምታደርገው፣ ሬዲዮ ዝቅ እንደ ማድረግ።

የተገኘችው እዚያችው ትል ላይ ነው፣ 1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)። ሊን-4 የሚባል ጂኗ የተበላሸ ትል ዕድገቷ ይዛባል፤ የጨረሰችውን የልጅነት ደረጃ እንደገና ትጀምራለች፣ አንደኛ ክፍልን አልፎ ተመልሶ አንደኛ ክፍል እንደሚቀመጥ ልጅ። አሜሪካዊው ቪክተር አምብሮስና ባልደረቦቹ ይህ ጂን ምን ፕሮቲን ያሠራል ብለው ሲፈልጉ ፕሮቲን የሚባል ነገር አጡ። ያገኙት 22 ፊደል ብቻ ነው። ጋሪ ሩቭከን ደግሞ በሌላ ላቦራቶሪ ሊን-14 የሚባለው ጂን መልእክቱ እያለ ፕሮቲኑ ለምን እንደሚቀንስ ይመረምር ነበር። ሁለቱ የየራሳቸውን ፊደል ሲያስተያዩ የአንዱ ቁራጭ የሌላው ጭራ ላይ ገጠመ።

ያኔ ብዙም ያጨበጨበላቸው የለም። የትል ጉዳይ ነው ተባለና ታለፈ። 2000 ላይ የሩቭከን ቡድን ሌት-7 የሚባል ሁለተኛ አገኘ፤ ይሄኛው ዝንብም፣ ዓሣም፣ ሰውም ውስጥ አለ። ትሏ ውስጥና እኛ ውስጥ ያለው 22ቱም ፊደሉ አንድ ነው! ከትል ከተለያየን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖን አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። ኖቤሉ ግን 2024 ላይ ነው የደረሳቸው።

ለምን አልተቀየረችም? አዲስ ማይክሮ አርኤንኤ መወለድ እኮ ከባድ አይደለም። ዲኤንኤ ውስጥ በራሱ ላይ የሚታጠፍ ክር ሊሆን የሚችል ነገር ሞልቷል፤ አንዳንዱ በአጋጣሚ ይቆረጥና ሥራ ይጀምራል። አብዛኛው ስለማይጠቅም ይጠፋል። አንዴ የለመደች ግን ከመቶ መልእክት ጋር ተጠላልፋለች፤ አንዲት ፊደሏን ብትነኩ መቶው አብሮ ይናጋል። እናም ትቀመጣለች፣ ሌላ አዲስ ይጨመርባታል።

ስለዚህ የእንስሳትን ዘር ሐረግ ተከትሎ ሲቆጠር ብዛታቸው ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ይታያል። ግራና ቀኝ ጎናቸው የሚመሳሰል እንስሳት ብቅ ሲሉ አንድ ትልቅ ጭማሪ አለ፣ አከርካሪ አጥንት ያላቸው ሲመጡ ደግሞ ሌላ። በተቃራኒው፣ እንደ ጄሊ የሚንሳፈፈው ቴኖፎር የሚባል የባሕር እንስሳ ላይ አንድም አልተገኘም፤ ድሮሻም የለውም። የኔ ምርጫ ኦክቶፐስ ነው። 2022 ላይ በወጣ ጥናት ዘመዶቹ እነ ኦይስተር ትንሽ ሲጨምሩ እሱ በርካታ አስር አዳዲስ የማይክሮ አርኤንኤ ቤተሰቦች ማፍራቱ ታየ፤ ብዙዎቹም የሚሠሩት አንጎሉና ነርቩ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ግን ቀስ በሉ፤ ኦክቶፐስ ብልህ የሆነው በዚህ ነው ብሎ መደምደም መቸኮል ነው። አብረው መታየታቸው ነው የተረጋገጠው።

ይሄን ሁሉ ስናወራ ጓደኛችን ሰልችቶታል። የነቃው በግ ሳነሳ ነው። ዐረፋ ደርሶ የበግ ዋጋ የማያንገበግበው ሰው የለም መቼም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ቴክሰል የሚባል ሥጋው የወፈረ የበግ ዝርያ አለ። ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ፕሮቲን ሁሉም በግ አለው፤ የቴክሰልም ፕሮቲን ራሱ ምንም አልሆነም። የተቀየረችው ከመልእክቱ ጭራ ላይ አንዲት ፊደል ናት። በዚያች ፊደል ምክንያት ጡንቻ ውስጥ የሞሉት ሚር-1 እና ሚር-206 የሚባሉ ማይክሮ አርኤንኤዎች ድንገት የሚገጥማቸው ቦታ አገኙ። ያዙት። ማዮስታቲን ቀነሰ፣ ገቺው ተገታ፣ በጉ ደለበ። አዲስ ጂን የለ፣ አዲስ ፕሮቲን የለ። ይሄ የታወቀው 2006 ላይ ነው።

ጓደኛችን ትንሽ አሰበና «ላት አለው?» አለኝ።

የለውም።

«እንግዲያ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።