አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመር ጭስ አይደለም

ልጅ እያለን ያንን ነጭ መስመር ስናይ "ጭሱን አየኸው?" እንባባል ነበር። አሁንም ብዙ ሰው ጭስ ይመስለዋል። ደመና ነው፣ ያውም የበረዶ ደመና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጄት ነዳጅ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል፤ 1 ኪሎ ነዳጅ ሲነድ ከ1.2 ኪሎ በላይ የውሃ ትነት ይወጣል (ከነዳጁ የሚበልጠው ኦክስጅኑ ከውጭ ስለሚጨመርበት ነው)። ይህ ትኩስ ትነት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም የባሰ ብርድ ውስጥ ይገባል። እዚያ አብሮት በወጣው ጥላሸትና በሌሎች ብናኞች ላይ ተጠራቅሞ ጠብታ ይሆንና ወዲያው በረዶ ይሠራል። በታኅሣሥ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ከአፋችን የሚወጣው እንፋሎት የዚህ ዘመድ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ መስመሩ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ መሃል ላይ ባዶ ክፍተት አለ። ትነቱ እስኪቀዘቅዝ ነው።

ታዲያ አንዱ ቶሎ ጠፍቶ ሌላው ለምን ሰማዩን ሙሉ ይዞ ይቆያል? ጉዳዩ የአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ በረዶው በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይተናል። እርጥብ ከሆነ ግን ለሰዓታት ይቆያል፣ እየሰፋም ተራ ስስ ደመና ይመስላል። "መርዝ እየረጩብን ነው" የሚለው ወሬ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከዚህኛው ነው።

ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ያለው አውሮፕላንስ? ሞተሩ ያው ትነት ያወጣል፤ እዚያ ግን አየሩ በቂ ብርድ የለውም።