ኢንተርሜታሊክ ውህዶችና ሜታል ሃይድራይዶች፦ ከጋልቫናይዝድ ቡሎን እስከ ባትሪ

ሁለት ሜታሎች አብረው ሲቀልጡ ሁልጊዜ ዝም ብለው አይደባለቁም። አንዳንዶቹ ይዋሃዳሉ። አተሞቻቸው በተወሰነ ሬሾ፣ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይደረደራሉ፤ የሚወጣው ነገርም ጠባዩ ከሁለቱም የተለየ ነው። ኢንተርሜታሊክ ውህድ የሚባለው ይሄ ነው።

ይህን ለማየት ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ጋልቫናይዝድ ቡሎን ይበቃል። ብረቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ የዚንክ ቅላጭ ውስጥ ሲነከር ዚንኩ ላዩ ላይ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም። ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ ጋማ፣ ዴልታ እና ዜታ የተባሉ ንብርብሮች ይፈጠራሉ፤ ዜታ ውስጥ ለ1 የብረት አተም 13 የዚንክ አተም አለ። ዴልታ ከስሩ ካለው ብረት በላይ ጠንካራ ነው፣ ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ታዲያ የጣሪያ ቆርቆሮ እንዴት ሳይላጥ ይታጠፋል? ዚንኩ ላይ በጣም ትንሽ አሉሚኒየም ይጨመርበታል፣ አሉሚኒየሙ ቀድሞ ብረቱን ይይዝና የራሱን ስስ ኢንተርሜታሊክ ሽፋን ይሠራል፣ ያ ሽፋን ደግሞ ተሰባሪዎቹ ንብርብሮች እንዳይወፍሩ ያግዳል። በጣም የምወደው ምሳሌ ነው፤ አንዱ ሪአክሽን ሌላውን ሲያስቆም በየቤታችን ጣሪያ ላይ አለ።

ሃይድራይድ ደግሞ ሜታል ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሃድ የሚገኘው ነው። የሶዲየምና የካልሲየም ሃይድራይድ ጨው መሰል ናቸው። ሃይድሮጅኑ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለያዘ ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። 1 ኪሎ ካልሲየም ሃይድራይድ ወደ 1 ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ተሞልቶበታል። ይሄኛው ሪአክሽን አንድ ጊዜ ከሄደ ሄደ፣ በቀላሉ አይመለስም።

ሌላኛው ዓይነት ግን ይመለሳል። ሃይድሮጅኑ ተሰንጥቆ አተም ይሆንና በሜታሉ አተሞች መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። ኬሚስቱ ቶማስ ግራሃም ፓላዲየም የተባለው ሜታል ከራሱ መጠን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጅን እንደሚውጥ ያሳየው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ፓላዲየም ግን ውድ ነው። መፍትሔው ከኢንተርሜታሊኮች መጣ፦ ሃይድሮጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሜታል፣ እምብዛም ከማይይዘው ጋር ማዋሃድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሆላንድ አይንድሆቨን በሚገኘው የፊሊፕስ ላቦራቶሪ፣ ለ1 አተም ላንታነም (አጥብቆ የሚይዘው ሜታል) 5 አተም ኒኬል (እምብዛም የማይይዘው) ያለበት ውህድ በክፍል ሙቀትና በጥቂት ባር ግፊት ሃይድሮጅን ሲውጥና ሲለቅ ታየ። ሲውጥ ይሞቃል። መልሶ እንዲለቅ ሙቀት መስጠት ወይም ግፊቱን መቀነስ ነው። ከኒኬሉ ጥቂቱን በአሉሚኒየም ብትተካው የሚለቅበት ግፊት ይወርዳል፤ ማለትም ቅንብሩን በመቀያየር ጠባዩን መምረጥ ይቻላል። የዚህ ሁሉ ኬሚስትሪ ትልቁ ነገር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግርም አለ። ይሄ ውህድ ሃይድሮጅን ሲውጥ መጠኑ ሩብ ያህል ያብጣል፣ ሲደጋገምበት ይፈረካከሳል። የሚይዘው ሃይድሮጅንም ከክብደቱ 1.4 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ መኪና ላይ ለመጫን ከባድ ነው። ማግኒዚየም 7.6 በመቶ ይይዛል፣ ግን ለመልቀቅ 300 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ብረትና ታይታኒየም እኩል የተዋሃዱበት ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ ግን ላዩን የሸፈነውን ኦክሳይድ አልፎ ሃይድሮጅን እንዲገባ በሙቀትና በግፊት ማለማመድ አለ።

ክብደቱ ባትሪ ላይ ያን ያህል አያሳስብም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የተጻፈበት ባለ 1.2 ቮልት ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ኔጌቲቭ ጫፉ ከላንታነምና ኒኬል ቤተሰብ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ከውሃው የወጣ ሃይድሮጅን ይገባበታል፣ ስንጠቀምበት ይወጣል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ቶዮታ ፕሪየስ መኪናም ከቤንዚን ሞተሩ ጎን የተጠቀመው ይህን ዓይነት ባትሪ ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ሌላ ቦታ ላቦራቶሪ ለምትገቡ አንድ ነገር፦ የሃይድራይድ ዱቄት ደረቅ ቦታ፣ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ። እሳት ከያዘው ውሃ አታፍሱበት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሆንም። ደረቅ አሸዋ ወይም ለሜታል እሳት የተዘጋጀ ዱቄት አጠገባችሁ ሳይኖር ሥራውን አትጀምሩ።