የዲስሌክሲያ ስጋት ምንድን ነው? (ገልብጦ መጻፍ አይደለም)

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ የኬጂ በር ላይ አንድ አባባል እንደ ጉንፋን ይዛመታል፦ «ልጁ ፊደል ገልብጦ ይጽፋል፤ ዲስሌክሲያ ነው።» ዲስሌክሲያ ማለት ማንበብና መጻፍ መማርን የሚያከብድ ችግር ነው፤ ልጁን እንዲህ ብሎ መነጽር የሚመክርም አለ።

ወንድሜ፣ የ5 ዓመት ልጅ ገልብጦ ይጻፍ እንጂ! ስኒ እጀታው ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ያው ስኒ ነው። ፊደል ሲዞር ስሙ እንደሚለወጥ ልጁ ገና እየተማረ ነው፤ እስከ 7 ዓመት ገደማ የተለመደ ነገር ነው።

ዲስሌክሲያ በአብዛኛው ከዓይን ሳይሆን የቃልን ድምፅ ከፋፍሎ ከመያዝ ጋር የተያያዘ ነው። የታክሲ ረዳት «አራኪሎ አራኪሎ» ብሎ ሲያጣድፈው የለመደ ሰው ከመሃሉ «አራት»ን እና «ኪሎ»ን ያወጣል። የሚያሰጋው ልጅ ጥሪውን ይሰማል፤ መበተኑ ነው የሚያቅተው። ታፔላውን አጉልተው ቢጽፉለት ምን ይረባዋል? ምሳሌውን ልለጥጠውና፣ ሌላው ደግሞ ታክሲውን አውቆት ስሙ ይጠፋበታል፤ እስኪያስታውሰው መኪናው ይሄዳል።

ስለዚህ ከ4 ዓመት ተኩል ጀምሮ ጆሮውን ፈትኑ። «ላሊበላ»ን በጭብጨባ ይቁረጠው፤ አራት ጭብጨባ ነው። «ቡና» በል፣ «ቡ»ን አውጣና ምን ቀረ? «ና»። ከዳቦ፣ ከዳማ እና ከሙዝ አጀማመሩ የተለየው የቱ ነው? ቀጥሎ ድመት፣ ኳስ፣ ቁልፍ፣ ዛፍ እና ቤት በ4 ረድፍ ተደጋግመው የተሳሉበትን ወረቀት አሳዩትና ስማቸውን በፍጥነት ይጥራ፤ ስማቸውን እያወቀ ከእኩዮቹ እጅግ ከዘገየ ልብ በሉት። አፍ የፈታው ዘግይቶ እንደሆነና «ማካሮኒ»ን ዛሬም «ማኮራኒ» እንደሚል መዝግቡ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሲደራረቡና ለወራት ሲቆዩ ነው ስጋት የሚባለው። ስጋት ደግሞ ምርመራ አይደለም። ንባብ በቅጡ ሳይማር «ዲስሌክሲያ አለበት» የሚል ሰው ቸኩሏል።

የኛ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም ተነባቢና አናባቢ አዝለዋል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተተረጎመ ፈተና የመጀመሪያዋን ተነባቢ ብቻ ነጥሎ ስለሚጠይቅ ጤነኛውንም ልጅ ይጥላል። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ማንበልበሉም አያታላችሁ፤ «ሂ»ን ከመሃል ነጥላችሁ ጠቁሙት። ያኔም ቢሆን ካልተማረው አይጠየቅም። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚናገር ልጅ ደግሞ በአማርኛ ቢዘገይ ምክንያቱ ቋንቋው ሊሆን ይችላል፤ በአፍ መፍቻው ጠይቁት። ጆሮው የሚመግልበት ልጅ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ይደረግለት።

ምልክቶቹ ከተደራረቡ «ያድጋል» ብሎ ሁለተኛ ክፍልን መጠበቅ አያስፈልግም። ጭብጨባውንና «ቡና»ን በየቀኑ 10 ደቂቃ ማጫወት ማንንም አይጎዳም።

በጣም ከሚያመዝኑት አንዱ የቤተሰብ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ ወላጁ ዲስሌክሲያ ካለበት ልጆች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይኖርባቸዋል። አባትየውን ግን «ዲስሌክሲያ አለብዎት?» ብትሏቸው «የለም» ይላሉ። «ልጅ ሳሉ ንባብ ቶሎ ገባዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው።