ሩባቶ ምንድን ነው?

የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን አንድ ሙዚቃ በሁለት ፒያኖ ተጫዋቾች ስሙ። ኖታው ያው ነው። አንዱ ግን ልብ ያንጠለጥላል፤ ሌላው እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልዩነቱ በአብዛኛው ሩባቶ ነው።

ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ «የተሰረቀ» ማለት። ሙሉ ስሙ ቴምፖ ሩባቶ፣ የተሰረቀ ጊዜ። ተጫዋቹ ከአንዱ ድምፅ ትንሽ ጊዜ ይቆነጥርና ለሌላው ይሰጣል። እዚህ ይዘገያል፣ እዚያ ይቸኩላል። ኖታው ላይ «ሩባቶ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ምን ያህል እንደሚሰረቅ አይነገርም።

የሾፓንን ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው ለስላሳ ሙዚቃ) ኦፐስ 9 ቁጥር 2 ክፈቱ፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታል፤ ሁለት ቀለል ያሉ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይከተላሉ። ዱም-ታ-ታ፣ ዱም-ታ-ታ። ቀኝ እጅ ደግሞ ገና ሲጀምር ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይዘላል። ብዙዎች የሚሰርቁት እዚያች ዝላይ ላይ ነው። ጣታቸው ከማረፉ በፊት ለቅጽበት ይቆያሉ። አድማጩም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል።

ጭቅጭቁ የሚነሳው «የተሰረቀው ይመለሳል ወይ?» ሲባል ነው። ሾፓን (1810–1849) ለተማሪዎቹ ግራ እጅ የኦርኬስትራ መሪ ነው፣ ምቱን አይልቀቅ ይላቸው ነበር። ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሜትሮኖምም ከፒያኖው ላይ አይጠፋም ነበር። ወዲያ ወዲህ የሚለው ቀኙ ነው። የዘመኑ ዝነኛ ፒያኖ ተጫዋች ሊስት ይህን በዛፍ መስሎታል፤ ንፋሱ ቅጠሉን ያወዛውዛል፣ ዛፉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ፓዴሬቭስኪ በበኩሉ የተሰረቀው የግድ አይመለስም ባይ ነበር። (ይኸው ፒያኖ ተጫዋች በ1919 እ.ኤ.አ. የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።)

ሾፓን ራሱስ ሲጫወት? ማዙርካ በሦስት ምት የሚቆጠር የፖላንድ ዳንስ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ቻርልስ ሃሌ ግን «አንተ ስትጫወተው አራት ነው» አለው። ሾፓን ድርቅ ብሎ ካደ። ሃሌም አንዱን ማዙርካ አስጫውቶት ጮክ ብሎ አራት አራት ቆጠረ። ልክክ አለ። ሾፓን ሳቀና «የዳንሱ አገራዊ ጠባይ ነው» አለ። የኦፔራ ደራሲው ማየርቤር ተመሳሳይ ነገር ሲናገረው ግን ሳቅ የለም፤ ተቆጣ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መመለስ አለመመለሱ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያሰለቸኝ በየዜማው ማብቂያ ላይ ሳይቀር የሚዘገይ ተጫዋች ነው። ሁሌ አንድ ቤት የሚገባ ሌባ ይያዛል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ለሰማ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። እስቲ እሳቸው ሲጫወቱ በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ምቱን ተከተሉ። ብዙም ሳትቆዩ ጣታችሁ ቀድሞ ያርፋል፤ እሳቸው ገና አንዷ ድምፅ ላይ ናቸው።